ለላይትኒንጓ ጎማ ስመርጥ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ የምቀዳው ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ኮምፕረሰሩ መሃል ላይ ቢጮህ ይቅርታ፣ ልጄ ደግሞ ፎቅ ላይ ኳስ እያነጠረ ነው፣ ተው ብለው ሊሰማኝ አልቻለም። የዛሬው ወሬ ስለ ጎማ ነው። አዎ፣ ጎማ። ባለቤቴ "ሰው ተሰብስቦ ስለ ጎማ ይሰማሃል?" ብላኛለች፣ እናያለን።

መኪናዋን ለማታውቁ፣ የ2002 ፎርድ ላይትኒንግ ናት። ፒክአፕ ናት፣ ግን ሲሚንቶ ልትጭን የተሰራች አይደለችም፣ 5.4 ሊትር ቪ8 ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ፣ ተጭኖበት ከፋብሪካ በ380 ፈረስ ጉልበት ነው የወጣችው። የኔዋን ከኔ በፊት የነበራት ሰውዬ የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በትንሽ ፑሊ ቀይሮ ኮምፒውተሯንም ነካክቷት አሁን ወደ 450 ትጠጋለች። ይሄ ሁሉ ጉልበት የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ብቻ ነው። ሞተሩ ፊት ነው፣ ኋላ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ስለዚህ ነዳጅ ስትረግጥ የሚገፉት ሁለት ጎማዎች ላይ የሚጫናቸው ክብደት የለም ማለት ይቻላል፣ ጭሱ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ "አራት ከረጢት ጤፍ ጫንባት" አለኝ፣ ሲቀልድ መስሎኝ ስስቅ ለካ ከምሩ ነው። እዚህ አሜሪካ በረዶ ሲመጣ የፒክአፕ ሰዎች አሸዋ ይጭኑ የለ፣ ያው ነው።

ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ጎማ 295/45 ባለ 18 ነው። 295 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 45 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 18 ቸርኬው በኢንች። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ ጣጣዬ በሙሉ ከሱ ነው የመጣው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ድራግ ራዲያል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ለሚሮጥ አጭር ውድድር የሚሆን ጎማ፣ መግዛቴ ነው። ምን መሰላችሁ፣ ሜሪላንድ ሜካኒክስቪል በድስ ክሪክ የሚሉት ቦታ ሩብ ማይል ድራግ ስትሪፕ፣ ያው ቀጥ ያለ የመወዳደሪያ መንገድ፣ አለ፣ ከኔ ቤት፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ብዙም አይርቅም። እዛ በመደበኛ ጎማ ስሄድ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እኔ እዛው ቆሜ ጎማ አሽከረክራለሁ፣ አጠገቤ ያለችው ሚኒቫን የምትመስል ቴስላ ሄዳለች። የመጀመሪያውን 60 ጫማ 2.3 ሰከንድ ነበር የምጨርሰው። ድራግ ራዲያል ሳስገባ 1.8 ሆነ፣ ሙሉው ሩብ ማይል ከ13.6 ወደ 12.6 ወረደ። ሞተሩን አልነካሁም፣ ጎማ ብቻ! ከዛ በኋላ ማን ያናግረኝ።

ይሄ ጎማ እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ጥቂት ነው፣ ለመንገድ ይፈቀዳል ለመባል ያህል ሁለት ሦስት መስመር ተቦርቡሮበታል። ንፋሱን ወደ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያው ነው) ታወርደዋለህ፣ ጎኑ እጥፍጥፍ ይልና ሲነሳ ብዙ ላስቲክ መሬት ይነካል። ከዛ መነሻው አጠገብ ያፈሰሱት ውሃ ላይ ገብተህ ጎማውን እያሽከረከርክ ታሞቀዋለህ፣ መነሻው ጋ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ሙጫ ነገር ይረጫል። በእግሬ ስሄድበት ጫማዬ ተይዞ ሊወልቅ ነበር፣ ቿ ቿ ይላል። እና ሙጫ ላይ የሞቀ ለስላሳ ላስቲክ ስታስቀምጥ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የዛን ቀን ማታ ጨርሼ ልመለስ ነው። ንፋሱን መልሼ መሙላት ነበረብኝ። ኮምፕረሰሩን ቤት ረስቼዋለሁ፣ ዋልዶርፍ ነዳጅ ማደያ እሞላዋለሁ ብዬ በ18 ፒኤስአይ ሩት 5 ላይ ወጣሁ። ዋልዶርፍ ሳልደርስ የነሐሴ ዝናብ መጣ፣ እናንተ የዲሲ አካባቢ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ወንዝ ነው። ሰማንያ አልሄድኩም፣ 45 ማይል አካባቢ ነበርኩ። አንድ የተኛ ውሃ ላይ ስገባ ጀርባዋ ከኔ ተለይታ ቀስ ብላ ወደ ግራ ሄደች፣ ቀስ ብላ ነው የምላችሁ፣ ድምፅ እንኳን የለውም፣ በመስኮት የማየው ከፊቴ መሆን የነበረበትን መኪና ነው። ይቺ ደግሞ እንደ ዘንድሮ መኪና ራሷ የምታርምልህ አይደለችም። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ ፍሬን አልነካሁም፣ መሪውን ትንሽ መለስኩ፣ ተመለሰች። እመብርሃን ናት የመለሰቻት እንጂ እኔ አይደለሁም። ዳር ይዤ ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ስልኬን ሦስቴ ጣልኩት።

የጎማውን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለማ። የጎማ ጥርስ ዋናው ስራው ውሃ ማውጣት ነው፣ እኔ ደግሞ ጥርስ የሌለው ጎማ ላይ ንፋስ ቀንሼ፣ ባዶ ጀርባ ይዤ፣ ዝናብ ውስጥ ገባሁ። ከዚህ በላይ ለመንሸራተት ምን ይደረጋል?

ሁለተኛው ሞኝነቴ ከዚህ የተማርኩ መስሎኝ የሰራሁት ነው። ሩብ ማይሉ ይቅርብኝ፣ ጥምዝ ያለው ፒስታ እሄዳለሁ አልኩ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ሳሚት ፖይንት፣ 2 ማይል ነው ዋናው ዙር፣ 10 ጥምዝ። በነገራችን ላይ ፒክአፕ የማያስገቡ አዘጋጆች አሉ፣ ቀድማችሁ ደውሉ። ለዛ ሰው የሚመክረው ትሬድዌር 200 የሚባለውን የሰመር፣ የሙቀት ጊዜ፣ ጎማ ነው፣ ትሬድዌር ጎማው ጎን ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ይይዛል ግን ቶሎ ያልቃል ማለት ነው፣ በግምት። ፈለግኩ ፈለግኩ፣ በ295/45 ላገኝ አልቻልኩም። ያገኘሁት 295/35 ነው፣ የስፖርት መኪና ጎማ።

"ምን ችግር አለው፣ ቸርኬው ያው 18 ነው" አልኩ። ካልኩሌተር ይዤ ስቀመጥ ግን ቁመቱ ከ723 ሚሊ ሜትር ወደ 664 ይወርዳል። ወደ 6 ሳንቲም ሜትር! መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ፍጥነት መቁጠሪያው 65 እያለ የምሄደው 60 እንኳን አይሞላም። ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር፣ ያልቻልኩት ጭነቱን ነው። ጎማው ላይ 99 ተጽፏል፣ 99 ማለት አንዱ ጎማ 775 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የኔ የድሮው 108 ነበር፣ 1000 ኪሎ። ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የቤት መኪና ጎማ ፒክአፕ ላይ ስታስገባ የተጻፈውን ለ1.1 ታካፍለዋለህ፣ ስለዚህ 775ቱ ወደ 705 ገደማ ይሆናል። መኪናዋ ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ናት፣ አብዛኛው ፊት ላይ ነው፣ ከቀጥተኛው መንገድ መጨረሻ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ክብደቱ በሙሉ ፊት ለፊት ይደፋል። ልጅ ያለው ሰው እንዲህ አይነት ሂሳብ አይቶ አይገዛም፣ ተውኩት።

እና በመደበኛው ጎማዬ ሄድኩ። አራተኛው ዙር ላይ ቅቤ ላይ የምነዳ መሰለኝ፣ ላስቲኩ ግሎ መንሸራተት ጀመረ፣ ወጥቼ ሳይ የፊት ጎማዎቹ የውጪ ጫፍ ተቆራርሶ እንደ ተጋጠ ቆሎ እሸት ሆኗል። ከመግባቴ በፊት አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ ጎማዬ ትከሻ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሮልኝ ነበር፣ ጠመኔው እስከየት እንደጠፋ አይተህ ጎማው ምን ያህል እንደተኛ ታውቃለህ። የኔ ጠመኔ በሙሉ ጠፍቷል፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ተፍቋል። ሰውዬው ዝም ብሎ አየኝና "ከባድ ናት" ብሎ ሄደ። በቃ፣ ከባድ ናት።

አሁን የወሰንኩትን ልንገራችሁ፣ ተስማሙ አትስማሙ። የጎማ ምርጫ ላይ ሁላችንም የምናስበው ያቺን ምርጥ ቀን ነው፣ ፀሐይ የወጣባት፣ መንገዱ የደረቀ፣ ጓደኛ ቪዲዮ የሚቀርፅባት። እኔ አሁን የማስበው የመመለሻውን መንገድ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ በትክክለኛው መጠን 295/45፣ ጭነቱ 112 የሆነ፣ ለፈጣን ፒክአፕ የተሰራ ኦልሲዝን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ጎማ፣ አስገባሁ። የሰመር ጎማ ያላደረግኩት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ላስቲኩ እንደ ፕላስቲክ ስለሚደርቅ ነው፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ኅዳር ላይ ጠዋት ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ድራግ ራዲያሎቹን አልሸጥኳቸውም፣ ሌላ ሁለት ቸርኬ ላይ ናቸው። ለካ ፒክአፕ ነው ያለኝ! ሁለቱን ጀርባዋ ላይ ጭኜ፣ ክሪኩንና ኮምፕረሰሩን ይዤ፣ እዛው ቀይሬ እሮጣለሁ፣ እዛው ፈትቼ እመለሳለሁ። ሲሄዱም የኋላውን ክብደት ይጨምሩልኛል፣ ከጤፍ ይሻላል። ሳሚት ፖይንትን ግን ለሌላ መኪና ትቼዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆጭቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዶት የሚለውን ፈልጉና የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው። እኔ አንድ ቦታ አዲስ ነው ተብሎ የስድስት ዓመት ጎማ ተሸጦልኝ ያውቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ከዛ ወዲህ ያየሁትን ሰው ሁሉ በዚህ ቁጥር አሰለቻለሁ፣ የቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ሳይቀር አጎንብሼ የሰው ጎማ አነባለሁ።

ባለፈው እሁድ አዲሶቹን ፎቶ አንስቼ ኮምቦልቻ ለአባባ ላክሁላቸው። አባባ የኤንትሬ፣ የድሮው የጭነት መኪና፣ ሾፌር ነበሩ፣ አሰብ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ። ሲቆሙ በዱላ እየዞሩ ጎማዎቹን ይመቱ ነበር፣ ደህናው እንደ ከበሮ ይመልሳል፣ ንፋስ የጎደለው ጆንያ እንደመታህ ዝም ይላል። እኔ በስልክ ስለ ትሬድዌር፣ ስለ ሙጫው፣ ስለ 12.6 ሰከንድ ሳወራላቸው ሳወራላቸው ጨርሼ ምን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣

"ስኮርታውስ?" አሉኝ።

"እ?"

"ስኮርታ ጎማውስ አንተ ልጅ፣ ደህና ነው?"

"አለ፣ አባባ፣ ከስር ተንጠልጥሏል" አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ባትሪ ይዤ ከስሯ ገባሁ። መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ጭቃውን በጣቴ ጠርጌ ዶቱን አነበብኩት። 4701።