በሁዳዴ የምንጥለው መረብ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በሊቀ መንበሩ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሐይቁ ላስቀራቸው ወንድሞቻችን ለአንድ ደቂቃ ከመቀመጫችን እንነሳ።

አመሰግናለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን፣ የታንኳዎቹን ጉዳይ ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴው ከሻይ በኋላ ያቀርቡላችኋል። እኔ የያዝኩት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ከጥር ጀምሮ እስከ ፋሲካ ዋዜማ የምንጥለው መረብ።

ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ገበያ ሁዳዴ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ ገበያው ግን ይኸው ነው። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የአዲስ አበባ ነጋዴ እዚሁ የዓሣ ገበያችን አሞራ ገደል ያድራል። ብድራችንን የምንከፍለው፣ የተቀደደ መረብ የምንለውጠው፣ ለልጆቻችን ደብተርና ጫማ የምንገዛው በእነዚያ 55 ቀናት ባገኘነው ነው። ስለዚህ በዚያ ወቅት ያለንን መረብ ሁሉ አውጥተን እንጥላለን። ዓይኑ የጠበበውንም፣ የተጣፈውንም።

ችግሩ ቆሮሶም፣ ቲላፒያ የሚሉት ዋናው ዓሣችን፣ ያን ጊዜ እየወለደ መሆኑ ነው። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢወልድም በሐይቃችን ላይ የተደረገው ጥናት ሁለት ጊዜ እንደሚበረታ አሳይቷል፤ አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሌላው በክረምቱ። የመጀመሪያው ከሁዳዴ ጋር ተደርቦ ይመጣል። ገበያችንና ማኅፀናቸው በአንድ ሰሞን ይከፈታሉ ማለት ነው።

ቆሮሶ እንዴት እንደምትወልድ ለወጣቶቹ ልናገር፤ አዛውንቶቹ ታውቁታላችሁ። ወንዱ ከዳር፣ ውኃው ጥልቀት በሌለበት ቦታ፣ መሬቱን እየቆፈረ እንደ ሳህን ጎድጓዳ ያደርገዋል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወዲያውም መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። እንቁላሉ አፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም አፏ ውስጥ ያድጋሉ። እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ለቅቃቸው ሳለ አንድ ነገር ካስደነገጣቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሌላዋ ዓሣችን አምባዛ እንዲህ አይደለችም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ረጭታ ትሄዳለች። የቆሮሶ እንቁላል ግን ብዙውን ጊዜ በመቶዎች ነው፤ የሚያተርፈውም የእናትየው አፍ ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ገና ታንኳ ስከራይ፣ በሁዳዴ አንድ ሌሊት ከጥቁር ውኃ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ፊላው ውስጥ ጠባብ መረብ ጣልኩ። ሲነጋ ሳወጣው ሞልቶ ነበር፤ ደስ አለኝ። ቆሮሶዎቹን ከመረቡ ሳላቅቅ ከአንዷ አፍ ጫጩቶቹ እንደ ጤፍ እጄ ላይ ተዘረገፉ። ከሌላዋም እንዲሁ። በመዳፌ ሰብስቤ ወደ ውኃው መለስኳቸው፤ እናታቸው ግን ታንኳዬ ውስጥ ነበረች፤ ሸጥኳት። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ያንን በእጁ ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ሐይቃችን ትንሽ ነው። ከታላላቆቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ያንሳል፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር ያህል ነው። ከ6 የዓሣ ዝርያዎቹ ለገበያ የሚወጡት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ከእነዚህም ኑሯችንን የተሸከመው ቆሮሶ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ሲሆን፣ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨው አለመሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ባለሙያዎቹ ከመሬት በታች ስለሚሰርግ ነው ይላሉ። ነገር ግን ከከተማው በጎርፍ የሚገባ ቆሻሻ፣ ከማሳ የሚታጠብ አፈር፣ ከፋብሪካ የሚለቀቅ ፍሳሽ መውጫ በር ስለሌለው እዚሁ ይቀራል። ያን ሁሉ ሲያጣራ የኖረው የጨለለቃ ረግረግ ነው፤ እሱም እየታረሰና እየደረቀ ነው። ስለዚህ ከሚመለከታቸው ጋር የጀመርነውን ንግግር እንቀጥላለን። ግን በሌላው ጥፋት ተሸፋፍነን የራሳችንን እንዳንረሳ እፈራለሁ። ረግረጉን እኛ አላረስነውም፤ ጠባቡን መረብ ግን የጣልነው እኛ ነን።

ሐይቅ ዓሣ አልባ ሊሆን አይችልም የሚል ካለ አብያታ ሄዶ ይይ። ሩቅ አይደለም። እንደኛ የቆሮሶ አስጋሪዎች የነበሩበት ሐይቅ ነው። ወደ እሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ለፋብሪካ ሲሳብ፣ ውኃው ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣውም አለቀ። በጎረቤቱ የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ዓሣ ይመግቡ የነበሩት ይብራዎች እንኳ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ተበተኑ። ወፍ ክንፍ አለው። እኛ ወዴት እንሄዳለን?

ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንት የሌለውን የዓሣ ሥጋ፣ የምታወጡ እናቶችና እህቶች የዓሣችንን ማነስ ከማንም በፊት ታውቁታላችሁ። ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ ሲሶ ያህል ነው። ዓሣው ባነሰ ቁጥር ቢላዋው ብዙ ይደክማል፣ ሳህኑ ግን አይሞላም። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ይህ እኮ አጥንት ነው» ብላ መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶ አሳይታኛለች። ከዚህ የበለጠ ሪፖርት አላነበብኩም።

«እኛ ብንተው ሌላው ይወስደዋል» የሚለውን ክርክር አውቃለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። እውነትነትም አለው። የማኅበር አባል ያልሆኑ፣ ሥራ ያጡ ልጆች ሌሊት ገብተው በቀጭኑ የፕላስቲክ መረብ ያሰግራሉ። ያ መረብ ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል፤ ተቀድዶ ውኃ ውስጥ ሲቀር ማንም ሳያወጣው ዓሣ እየያዘ ይገድላል። ነገር ግን እነዚያን ልጆች ተዉ ለማለት አፍ የሚኖረን የራሳችን ታንኳ ንጹሕ ሲሆን ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አዋጅ ሌሊት ታንኳ አይቀዝፍም፤ የሚቀዝፉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ ለዛሬው ድምፃችሁ የሚያቀርበው ይህ ነው። ዓይኑ ተወጥሮ ሲለካ ከ8 ሳንቲ ሜትር የጠበበ መረብ በማኅበራችን ታንኳ አይጫን። ከጥር እስከ መጋቢት በጥቁር ውኃ መግቢያና ፊላው በሚበዛበት ዳርቻ መረብ አይጣል፤ ከዳር የሚጎተተው መረብም በማንኛውም ወር ይቅር። መሐል ሐይቁ ክፍት ይሆናል፤ በመንጠቆ አምባዛ ማጥመድም ይቀጥላል። ጠባብ መረቡን የሚያስረክብ አባል ከቁጠባችን በረጅም ጊዜ ክፍያ ሰፊ መረብ ይወስዳል። ታንኳ ተከራይተው የሚሠሩት ልጆች ቀድመው ይስተናገዱ፤ በመጀመሪያው ሁዳዴ ገቢው እንደሚቀንስ አልደብቃችሁም፤ በጣም የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። የእኔ ሁለት ጠባብ መረቦች ትናንት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተዋል፤ ደረሰኙ ከጸሐፊያችን ዘንድ አለ።

ሐሳቡን የምትቃወሙ ካላችሁ እዚሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ታንኳ ዳር አታጉረምርሙት። የምታሻሽሉትም ካለ እንሰማለን። የመጀመሪያውን ዕድል በዕድሜ ለሚበልጡን አስጋሪ አባቶች፣ ቀጥሎ ለፊሌቶ አውጪ እናቶች እሰጣለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።