ቡቱ ቁርጭምጭሚታችሁን ምን ያህል ይይዘዋል?

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጄሶ ወጥቶ ቡት፣ ማለትም የተጎዳ እግርን የሚይዝ ጠንካራ የሕክምና ጫማ፣ የሚደረግለት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «አሁንም ቁርጭምጭሚቴ አይንቀሳቀስም አይደል?» ይላል። ይንቀሳቀሳል። ቡቱ እንቅስቃሴውን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ በጠቅላላው 30 ዲግሪ ገደማ ይንቀሳቀሳል። ተረከዝ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ቅልጥም ወደ ፊት ያዘነብላል፣ በመጨረሻ በጣታችን መሬቱን ገፍተን እንነሳለን። ቡቱ የሚታገለው ይህን ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ጠንካራ ዘንጎች ቅልጥምንና እግርን በአንድ ማዕዘን ይይዛሉ። ሶሉ ከታች እንደ ጀልባ ሆዱ ወጣ ያለ ነው። እሱ ሲንከባለል ቁርጭምጭሚቱ መታጠፍ ሳያስፈልገው ወደ ፊት እንሄዳለን።

ግን በዘንጉና በአጥንታችሁ መካከል ስፖንጅ አለ፣ ካልሲ አለ፣ ሥጋ አለ። እነዚህ ሁሉ ይጨመቃሉ። ባለፈው አንዲት እናት ቡታቸውን አጥልቀው መጡ። ሲሰጣቸው ልክ ነበር። በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ፣ ማሰሪያው ግን እንደዚያው ቀረ። እየተራመዱ ሳያቸው ተረከዛቸው ከውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ቡቱ ያው ነው፤ የሚይዘው ግን ለስሙ ብቻ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ስለዚህ ተቀምጣችሁ እሰሩ። ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ጥግ አስጠጉት። ከጣት በኩል ጀምራችሁ ወደ ላይ አጥብቁ። ቆማችሁ ስትራመዱ ተረከዝ ከተነሳ እንደገና እሰሩ። ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም መልኩ ከተለወጠ ግን ወዲያው አላሉት። የተረከዝ ጅማታችሁ የተበጠሰ ደግሞ ከተረከዝ ሥር የተደረገላችሁን ማንሻ በራሳችሁ እንዳታወጡ። እግራችሁ ቁልቁል እንዲዘረጋ ያደረገው እሱ ነው። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

በሌላው እግራችሁስ? አብዛኞቻችሁ ነጠላ ጫማ አድርጋችኋል። የቡቱ ሶል ወፍራም ስለሆነ አንድ እግራችሁ ረዝሟል፣ ዳሌና ወገብ ሸክሙን ይቀበላሉ። ከቡቱ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ።

አሁን ቡት ያደረጋችሁ ወደ ፊት ኑ። ፈትተን እንደገና አብረን እናስረዋለን።