ዶሮ በአዘቦት ቀን፦ ለደብረ ብርሃን ወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ይህን ብርድ ችላችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የምግብ ዝግጅት አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዶሮ ደረት ነው። ማክሰኞ ማታ ወይም ሐሙስ ማታ፣ ልጆቹ ጥናት ጨርሰው ሲራቡ፣ ያለ ቅቤ ጋግረን ልናበላቸው ስለምንችለው ሥጋ።

እኛ ዘንድ ዶሮ የበዓል ናት። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ትታረዳለች። 12 ብልቷ ይወጣል፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ዶሮ ወጥን የመሰለ ነገር የለም፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ግን ዶሮን በወጥ ብቻ ስለለመድናት፣ ብዙ ቤት ውስጥ ልጆች ከበዓል እስከ በዓል ሥጋዋን አይቀምሱም። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ዶሮ ርካሽ ነው አልላችሁም። ገበያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን የወጡን ወጪ የምታከብደው ዶሮዋ ብቻ አይደለችም። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው ሽንኩርት አለ፣ ቅቤው አለ፣ በርበሬው፣ እንቁላሉ፣ ከሰሉ አለ። እኔ የምላችሁ እንዲህ ነው። ዶሮ ስትገዙ ደረቷን ለይታችሁ ለአንድ ማታ ጋግሩት። እግሯና ክንፏ በሌላ ቀን ትንሽ ወጥ ይሁን። አጥንቷን በድንችና በካሮት ሾርባ አድርጉት። አንዷ ዶሮ ሦስት ጊዜ ገበታ ላይ ትቀርባለች።

ቆዳው ተገፎ የተጋገረ 100 ግራም የዶሮ ደረት 31 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ስቡ 4 ግራም አይሞላም። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ወደ 50 ግራም ነው። ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ከግማሽ በላዩን ትሸፍናለች። ሐኪም «ቅባት ቀንሱ» ላላችሁም ጥሩ ምግብ ነው። ሁሉንም ይሰጣል ማለቴ ግን አይደለም። ጉበቷ በብረት ማዕድን ከደረቷ በጣም ይበልጣል። ጉበቷን አትጣሉ፤ ጎመኑም ከአጠገቡ አይጥፋ።

«ኦቨን የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ድፎ ዳቦ የጋገረ እጅ ይህ አያቅተውም። ከሥር ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ፍም፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁም ክዳኑን ገጥማችሁ መጋገር ትችላላችሁ።

ደረቱን ከአጥንቱ ለዩና በአግድም ለሁለት ሰንጥቁት። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ጫፉ ይደርቃል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የጥብስ ቅጠልና ትንሽ በርበሬ በአንድ ማንኪያ ዘይት ለውሱት። እርጎ ካላችሁ ጨምሩበት፤ ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ኦቨን ያለው 200 ዲግሪ ላይ ከ15 ደቂቃ ጀምሮ ይየው፤ ያልተሰነጠቀ ሙሉ ደረት ከሆነ እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ምጣድ ላይ ከሆነ አንዴ እያገላበጣችሁ ክዳኑን መልሱ። ሲወጣ ቶሎ አትቁረጡት፤ አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ አለዚያ ወዙ ሁሉ ይፈስሳል። እንቁላል ስትጥል የኖረች አሮጌ ዶሮ ግን ለዚህ አትሆንም። ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ እሷ ለወጥ ትሁን።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ባቄላውም ሥጋውም ድስት ውስጥ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። የምጣዱ ሙቀት ግን በውሃው መፍላት አይገደብም። ሳሳ ተደርጎ የተቆረጠ ደረት ብዙ ማገዶ ሳይፈጅ ይደርሳል።

አሁን የማይጥማችሁ ነገር ልናገር። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግመን እናጥባለን። እናቶቻችን ያስተማሩን ንጽህና ነው፤ አከብረዋለሁ። ጥሬ ዶሮ ላይ ያሉትን እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተሕዋስያን ግን ሎሚ አይጨርሳቸውም። የሚገድላቸው እሳት ነው። ቧንቧ ሥር ስናጥብ ደግሞ ውሃው እየተረጨ ሰላጣው ላይ፣ ሳህኑ ላይ ያዳርሳቸዋል። ቤት የታረደች ዶሮ ማጠብ ግድ ከሆነ ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከሌላው ምግብ ርቃችሁ እጠቡ። ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጃችሁን በሳሙና እጠቡ። የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። መለኪያ ከሌለ ወፍራሙን ቦታ ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ቀላ ካለ ወይም ደም ያለው ፈሳሽ ከወጣ መልሱት።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። በባህላችን ፈረሰኛው ለአባወራው ይቀርባል። ክብር ነው፣ ለበዓል ደስ ይላል። በአዘቦት ቀን ግን ደረቱን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጣችሁ ለሁሉም አካፍሉ። ልጆቹ ይቅደሙ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ድርሻዋ አይነካ። አባቶች፣ ይህን ከእናንተ እለምናለሁ፤ እናንተ «ለእነሱ ይሁን» ካላችሁ ማንም እናት አትከራከርም። ረቡዕና ዓርብ ሽሮውና ምስሩ አሉልን። በፍስኩ ቀን፣ አቅም በፈቀደ መጠን፣ ልጆቹ ሥጋ ይቅመሱ።

ዛሬ ፍስክ ስለሆነ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት ምጣድ ተጥዷል። አንዱ በከሰል፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ነው። ደረቱ ተለውሶ ተቀምጧል። ኑና ራሳችሁ ጋግሩት፣ ቁረጡት፣ ቅመሱት። ጥያቄ ያለው እዚያው ይጠይቀኝ።

አመሰግናለሁ።