ምኑ ነው የበዛው? ነጥብን ከልክ በላይ ስለማጉላት የእንግሊዝኛ ግሶች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንድ ተናጋሪ የተግባባንበትን ነገር እየመላለሰ ሲያነሳ በእንግሊዝኛ ምን እንላለን? መዝገበ ቃላት ስገልጥ ቢሌይበር፣ ኦቨርኤምፈሳይዝ፣ ኦቨርስቴት፣ ሃርፕ ኦን አንድ ላይ ተደርድረው አገኛለሁ። እንደፈለግን ልናቀያይራቸው እንችላለን?

መልስ፦ አንችልም። መዝገበ ቃላቱ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ስለሚቀራረቡ እንጂ አንድ ስለሆኑ አይደለም። ቃል ከመምረጥዎ በፊት «የበዛው ምኑ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ግሱን ይሰጥዎታል።

የበዛው ንግግሩ ከሆነ፣ ማለትም ነጥቡ ለሁሉም ገብቶ ሳለ ማብራሪያው ካላለቀ፣ ግሱ ቢሌይበር ነው። ሰውየው የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ማንዛዛቱ ነው። ቃሉ ቀድሞ በዱላ መደብደብን ያመለክት ነበር፣ ዛሬም ያ ክብደት ጨርሶ አልለቀቀውም። አብረውት የሚሄዱት ስሞች ጥቂት ናቸው፦ «ቢሌይበር ዘ ፖይንት»፣ «ቢሌይበር ዚ ኢሹ»፣ «ቢሌይበር ዚ ኦብቪየስ»። ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ስለሚወስድ «ቢሌይበር አባውት» አይባልም። ከኋላው «ዛት» ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማስከተልም አያስኬድም።

የበዛው የተሰጠው ክብደት ከሆነ ኦቨርኤምፈሳይዝ ይባላል። አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሰዋስው አሥር ምዕራፍ፣ ለንግግር ልምምድ ግን አንድ ብቻ ከመደበ፣ አዘጋጆቹ ሰዋስውን ኦቨርኤምፈሳይዝ አድርገዋል እንላለን። እዚህ ላይ መደጋገም ግድ አይደለም፤ አንዴ ብቻ ተናግሮም ሚዛኑን ማዛባት ይቻላል።

ነገሩ ከእውነቱ ካለፈ ኦቨርስቴት ወይም ኤግዛጀሬት ነው። ኦቨርስቴት ረጋ ያለና ለዘገባ የሚስማማ ሲሆን፣ ከኋላው ተሳቢ ይፈልጋል፦ ጥቅምን፣ አደጋን፣ አኃዝን። ኤግዛጀሬት ግን ብቻውን ይቆማል፤ «ዩ አር ኤግዛጀሬቲንግ» ሙሉ ንግግር ነው። ፊት ለፊት ሲነገር «እያጋነንክ ነው» የሚል ክስ ስለሚሆን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲነጋገሩ ይጠንቀቁ።

ሃርፕ ኦን የሚመጣው ድግግሞሹ ሲያሰለች ነው። መነሻው የበገናን አንድ ክር ብቻ እየመቱ መጫወት ነው። ወቀሳ አለበት፣ የዕለት ተዕለት ንግግር ቃልም ስለሆነ ለመደበኛ ደብዳቤ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ከ«ኪፕ» ወይም ከ«ኦልዌይስ» ጋር ይመጣል፦ «ሺ ኪፕስ ሃርፒንግ ኦን ዚስ»። እንግሊዞች «ሃርፕ ኦን አባውት» ማለትን ይወዳሉ። ወቀሳውን ማለዘብ ከፈለጉ ድዌል ኦን አለልዎ፤ እሱ በሐሳብ ብቻ ማብሰልሰልንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ «ኤምፈሳይዝ ኦን» ብዬ ስጽፍ መምህሬ «ኦን»ን ይሰርዝብኛል። ለምን?

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው። ኤምፈሳይዝና ስትሬስ ግስ ሲሆኑ ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይይዛሉ፦ «ኤምፈሳይዝ ዘ ፖይንት»። እኛ «ነጥቡ ላይ ትኩረት ሰጠ» ስለምንል «ላይ»ን ይዘን እንሻገራለን። «ኦን» ቦታ የሚያገኘው ቃሉ ስም ሲሆን ነው፦ «ፑት ኤምፈሲስ ኦን»። ሲፈትሹ ቃሉ ስም (ኤምፈሲስ) ወይስ ግስ (ኤምፈሳይዝ) መሆኑን ይዩ፤ ስም ከሆነ «ኦን»ን ያቆዩት፣ ግስ ከሆነ ይሰርዙት።

ጥያቄ፦ «ካኖት ቢ ኦቨርስቴትድ» እና «ካኖት ቢ አንደርስቴትድ» ሁለቱንም እሰማለሁ። የትኛው ነው «እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚለው?

መልስ፦ የመጀመሪያው። ምንም ያህል ብናጎላው ማጋነን አይሆንብንም ማለት ነው፤ «ካኖት ቢ ኦቨርኤምፈሳይዝድ»ም እንዲሁ። ሁለተኛው ቃል በቃል ሲወሰድ ምንም ያህል ብናሳንሰው አይበዛበትም ይላል፣ ይህም ከታሰበው ጋር ተቃራኒ ነው። በንግግር በብዛት ይሰማል፤ በፈተናና በሥራ ጽሑፍ ግን ይራቁት። «ካኖት» በ«ሹድ ኖት» ሲተካም ትርጉሙ ይገለበጣል፦ «ሹድ ኖት ቢ ኦቨርኤምፈሳይዝድ» ማለት ብዙ ክብደት አትስጡት የሚል ማሳሰቢያ ነው። ይህን ቀላቅሎ መጻፍ አንባቢን በእርግጥ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ «ድራይቭ ሆም»ም ስድብ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሱና «ሃመር ሆም» ነጥቡ በሚገባ ሰረጸ የሚሉ ናቸው፣ ለምስጋናም ይሆናሉ። «ድራይቭ ዘ ፖይንት ሆም» ወይም «ድራይቭ ሆም ዘ ፖይንት» ማለት ይችላሉ፤ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሐል መግባት አለበት፦ «ድራይቭ ኢት ሆም»።

ጥያቄ፦ በስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ደግሜ ማንሳት ሲኖርብኝ ምን ልበል?

መልስ፦ «አይ ዶንት ዋንት ቱ ቢሌይበር ዘ ፖይንት፣ በት» ብለው ይጀምሩና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ ከተናገሩ መግቢያው ራሱ ይከስስዎታል። «አት ዘ ሪስክ ኦፍ» ብለው ከጀመሩ ግሱ «ቢሌይበሪንግ» ይሆናል። ወቀሳ የሌለበት ቃል ከፈለጉ «አይድ ላይክ ቱ ሪኢተሬት» ይበሉ፤ መድገም ቀድሞ በውስጡ ስላለ «አጌን» አይጨመርበትም። የሌላውን ሰው መደጋገም ለማስቆም ደግሞ ሃርፕ ኦንን አያንሱ፤ ያስቀይማል። «አይ ቲንክ ዊ አግሪ ኦን ዛት» ብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ማለፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቢሌይበር አንዳንዴ ከመጨረሻው «አር» በፊት «ዩ» ፊደል ይገባበታል። የትኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁለቱም። አሜሪካኖች ያለ «ዩ»፣ እንግሊዞች ከ«ዩ» ጋር ይጽፉታል፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አይቀላቅሉ። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ «ቢ»ን ትተው «ሌይበር ዘ ፖይንት» ይላሉ። ሲያነቡት ድምፁን «ሌይ» ላይ ከፍ ያድርጉ።