ፊደሎቹ የት ሄዱ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ፣ ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰሞኑን ከአባዬ ኮምፒውተር ጋር ስታገል ሰንብቼ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። እሳቸውም «አውሪው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል» ብለው ፈቅደውልኛል።

የደወሉልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አባዬ በስልክ ረጅም ሰላምታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ደህና ነሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤትሽ ተሻላት ወይ ሳይሉ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። የዚያን ዕለት ግን «ደህና ነሽ?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ጽሑፌን በላው» አሉኝ።

አባዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆኑ ደግሞ 14 ዓመታቸው ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ድንኳኑ ማን ቤት ነው፣ ስንት ወንበር ወጥቶ ስንት ተመለሰ፣ ይህ ሁሉ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ በሚቀመጠው ዴስክቶፕ ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነበረው። ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም። ማሽኑም እያደር ተንቀራፈፈ፤ ለኩሶት ቡና አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። የወንድሜ ልጅ ጥገና ቤት ወሰደው፣ እዚያም እንደተለመደው «ፎርማት ይደረግ» ተባለ፤ ያለው ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ሦስት ቀን አድሮ ዊንዶውስ 10 ተጭኖለት ተመለሰ። 11 እንዳይጫን ማሽኑ አርጅቷል፤ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የ10ም መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ቅዳሜ ሄድኩ። አባዬ ዳንቴሉን አጥፈው አስቀምጠው ከኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለዋል። ስክሪኑ ተለጥጦ ክብ የነበረው ሁሉ እንቁላል ሆኗል። ድምፅ የለም። ቀኑ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። ኢንተርኔትም የለም። የእድሩን መዝገብ ስከፍተው ደግሞ የላቲን ፊደል፣ ሰረዝ፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደባልቆ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። አባዬ ስክሪኑን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያዩት፤ ሐኪም ራጅ ሲያነብ ፊቱን እንደምናየው ማለት ነው።

ጥገና ቤቱ ስደውል ልጁ በትህትና «አምጪው፣ ድጋሚ እንጭንልሻለን» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮምፒውተሩን ነቅዬ መኪና ውስጥ ልከተው ተነስቼ ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ከፎርማት በኋላ ችግር ሲመጣ መልሰን ፎርማት እናደርጋለን። ያኔ ግን አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። ይህ ዊንዶውስ የተበላሸ አይመስልም፤ የጎደለው ነገር አለ እንጂ። ያንኑ መልሼ ባስጭነው ያው ነገር ይጎድለዋል። አባዬን ደብተር ለመንኳቸውና የማየውን ሁሉ ለየብቻ መጻፍ ጀመርኩ።

ስክሪኑና ድምፁ ቀላል ነበሩ። የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማኔጀርን ስከፍት ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ቃለ አጋኖ፣ ከአንድም አራት ቦታ ተደርድሯል። አዲስ የገባ ዊንዶውስ ለቤቱ እንግዳ ነው፤ ስክሪን ካርዱንና ድምፁን የሚያናግርበት ድራይቨር ከሌለው ለሁሉም በሚሆን መሠረታዊ ድራይቨር ያዘግማል። የኔትወርኩ ድራይቨርም ስላልነበረ ስልኬን በቻርጀር ገመድ ሰክቼ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተር የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አበራሁት፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ኢንተርኔት አገኘ። ይህቺን ያዙልኝ፣ ብዙ ሰው አያውቃትም።

ግን ድረ ገጽ ቢከፈት «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» እያለ አንዱንም አያሳይም፤ አፕዴት፣ ማለትም የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ቢጫንም እምቢ አለ። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ምክንያቱ ደብተሬ ላይ አራተኛው መስመር ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል፦ ቀኑ። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ከአሥር ዓመት በፊት ላይ ለቆመ ኮምፒውተር የዛሬው ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ነው፣ ስለዚህ አያምነውም። ቀኑን አስተካከልኩ፣ የሰዓት ቀጠናውንም ከአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወደ ናይሮቢ ቀየርኩ፤ ከዊንዶውስ ምርጫዎች ለእኛ የሚሆነው እሱ ነው። አፕዴቱ ከዚያ በኋላ ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ አመጣቸው። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፋና ሲመለስ ቀጥ ብሎ ነበር። አባዬ «እሰይ» አሉ፤ ግን ዓይናቸው መዝገቡ ላይ ነው።

በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ተመልሶ ወደ ኋላ ሄደ። ይሄኔ ነው ጥፋቱ የፎርማቱ እንዳልሆነ የገባኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፤ ስሟ ልኳ ነው፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ኮምፒውተሩ ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። አባዬ ቤት ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ከሶኬት አይነቀልም፣ ባትሪዋም ብትደክም አይታወቅባትም። ጥገና ቤት ሦስት ቀን ያለ መብራት ሲያድር አለቀች። ከሰዓት ሠሪ አንድ ገዝቼ ቀየርኳት፤ ጥገና ቤቱን በልቤ ስላማሁት ግን ቅር ብሎኛል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ ልምጣ።

ዩኒኮድ፣ ማለትም በኮምፒውተር ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የአማርኛን ፊደል ያስገባው በሦስተኛው እትሙ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ሥዕል የያዘውን ፋይል፣ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። እነ ሏን፣ እነ ቧን፣ ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዙን ስትጨምሩበት ቤቱ ይጠባል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ዘዴ ፈጠሩ። ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት አካፈሉት፣ ወይም እንደ አማርኛው ታይፕራይተር አካሉን ለብቻ፣ ቅጥሉን ለብቻ አድርገው ገጣጠሙት። እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ እነ ፓወር ግዕዝ በዚያ ዘመን ለአገር ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ጋዜጣ በእነሱ ተጽፏል።

ኮምፒውተሩ ግን የያዘው አማርኛ መሆኑን አያውቅም ነበር። ለእሱ የአባዬ «ሀ» የላቲን ፊደል ናት። «ሀ» ሆና የምትታየን ፎንቱ የ«ሀ»ን ሥዕል ስላለበሳት ነው። ፎንቱ የሚኖረው ዊንዶውስ ራሱ ባለበት ክፍል፣ ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው፣ ፎርማት የተደረገውም ሲ ድራይቭ ነው። የእድሩ መዝገብ ዲ ድራይቭ ላይ ስለነበር አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ተርፏል፤ የጠፋው ልብሱ ብቻ ነው። ይህን ለአባዬ ስነግራቸው ዝም አሉና «ታዲያ ልብሱ ከየት ይገኛል?» አሉኝ።

ዎርድ በዚህ በኩል ታማኝ ነው። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ጽሑፉ የተጻፈበትን ፎንት ስም ከላይ ያሳያል። ስሙን ጻፍኩት። አዲሱን የዚያኑ ፕሮግራም እትም ብሞክር አልሆነም፣ ሌላ ድርጅት የሠራውንም ብሞክር አልሆነም፤ እያንዳንዱ ፊደሎቹን በየራሱ ቦታ ነው ያስቀመጣቸው። ያው የድሮው ራሱ መገኘት አለበት።

ያገኘሁት ወረዳው አጠገብ ማመልከቻ ከሚጽፉ እናት ዘንድ ነው። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ፕሪንተር፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው አንድ ኮምፒውተር። ፎንቱን ስጠይቃቸው «እኔ ጋ ሞልቷል የኔ ልጅ» አሉ። «ይህን ማሽን እናስተካክልልሽ ያላለኝ የለም፤ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። ሰው ሁሉ የድሮ ጽሑፉን ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።» የፎንት ማኅደሩን ከፍተው አራት ፋይል ፍላሼ ላይ ገለበጡልኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብለው ተከራከሩኝ።

አባዬ ቤት ስደርስ ፍላሹን መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አስፈተሽኩ፤ እንዲህ ዓይነት ፍላሽ ብዙ እጅ ነው የሚዞረው። ከዚያ አራቱንም ፎንት ጫንኩ፣ ዎርድን ዘግቼ መዝገቡን እንደገና ከፈትኩት።

ፊደሎቹ ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። አባዬ ሊጽፉ ሲሞክሩ የጻፉት ቃል ስፔስ ሲመቱ ፊደሉ ይቀየርባቸዋል። «እያየሁት ይለውጥብኛል» አሉኝ፤ እጃቸውን ያዝኩና በዝግታ አስጻፍኳቸው፣ እውነትም ይለወጣል። አዲሱ ዎርድ ላቲን እየተጻፈ መስሎት የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ወደ ትልቁ ፊደል ያርማል። በድሮው ፎንት ደግሞ ትንሹና ትልቁ ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ፊደሎች ናቸው። አውቶኮሬክት የሚለውን አጠፋሁት፣ ተስተካከለ። የድሮው ዎርድ ላይ ማን እንዳጠፋላቸው አባዬ አያስታውሱም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው አጥፍቶት ሄዷል፣ ማንም አልጻፈውም፤ ፎርማቱ ሲመጣ እሱም አብሮ ተሰረዘ።

ይህን የምታዳምጡ፣ ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ በድሮ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ያላችሁ እለምናችኋለሁ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሳይደረግ የፎንት ማኅደሩን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ዋና ዋናውን ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይዞ ይቀመጣል። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይረው፣ ግን የመጀመሪያውን አይጣል፤ ቅየራው አንዳንድ ፊደል ሊያሳስት ይችላል። የመሥሪያ ቤት መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በየመሳቢያው በየፍላሹ ተኝቷል፣ የሚያነቡት ማሽኖች ግን እያለቁ ነው። እኒያ እናት ኮምፒውተራቸው ቢቃጠል እኔ የት እሄድ ነበር?

የአባዬን መዝገብ ለመቀየር ዘንድሮ በየቅዳሜው እየሄድኩ አብረን እንድንቀመጥ ተስማምተናል፤ እኔ እቀይራለሁ፣ እሳቸው እያነበቡ ያርማሉ።

ፊደሎቹ የተመለሱ ዕለት ግን አባዬ ስለ ኮምፒውተሩ አንድም ቃል አልተናገሩም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ፣ የዕቃ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ድንኳን 2። ትልቁ ድስት 3። ወንበር 120። አግዳሚ 14፤ እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። «አሥራ አንድ ነው የተመለሰው» አሉ፤ ስልካቸውን አነሡና ከታች ሰፈር አንድ ሰው ጋ ደወሉ። ደህና ናችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ፣ ያቺ ልጅ ወለደች ወይ… ሰላምታው ረጅም ነበር። እኔ ዳንቴሉን ከጠረጴዛው አንስቼ በእጄ ይዤ ስልኩን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።