ነጠላው ከታጠፈ በኋላ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት፣ በገብር ኄር ዕለት፣ በአዲስ አበባ አራዳ ለተሰበሰቡ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አገልጋዮች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን ለገብር ኄር ሰንበት በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ጠዋት በቅዳሴው ላይ የተነበበውን ወንጌል ሁላችንም ሰምተናል። ጌታው መንገድ ሊሄድ ሲነሣ አገልጋዮቹን ጠርቶ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጣቸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ሲተሳሰባቸውም ነግደው ያተረፉትን ሁለቱን «መልካም፥ አንተ በጎ፥ ታማኝም ባሪያ፤ በጥቂቱ ታምነሃል፥ በብዙ እሾምሃለሁ» አላቸው። ይህን ቃል ስንሰማ የብዙዎቻችን ልብ ፈጥኖ የሚሄደው «በብዙ እሾምሃለሁ» ወደሚለው ተስፋ ነው። እኔ ግን አባቶች ፈቅደውልኝ በፊታችሁ በቆምሁባት በዚህች አጭር ጊዜ «በጥቂቱ» የምትለዋን ቃል ይዤ ልቆይ እወዳለሁ። ጌታው ይህን ቃል አምስት ለተቀበለውም ሁለት ለተቀበለውም እኩል እንደ ተናገረው ልብ በሉ፤ በእርሱ ዘንድ አምስቱም ጥቂት ነበር።

የእኛ ጥቂት የትኛው ነው? ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ እንፈልገው። ታክሲ ተሳፍራችሁ ወደ ፒያሳ ስትወጡ፣ መኪናው በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ በውስጡ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሹፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያማትባል፤ ረዳቱ የሚቆጥረውን ብር በጣቶቹ መካከል እንደ ያዘ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣትም ከጆሮው ማዳመጫውን አውጥቶ ሦስት ጊዜ ያማትብና በከንፈሩ የሆነ ነገር ይላል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ይህች ከተማ ከዚህ ልማዷ እንድትለይ አልመኝም። ነገር ግን የዚያው ወጣት ስልክ ይጠራና፣ ገና የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ከዓይኑ ሳይርቅ «አራት ኪሎ ደርሻለሁ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ጠብቀኝ» ይላል። አብረን የተሳፈርን ሁሉ የት እንዳለን እናውቃለን፤ ማንም አይደነግጥም፤ እርሱም አያፍርም። በዚህ ከተማ ይህ ውሸት ተብሎ መጠራቱን ከተወ ቆይቷል። ጌታችን ግን «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ሲል ያዘዘን ለአደባባይ መሐላ ብቻ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ሆኖ ለሚጠብቀው ጓደኛው «ገና ጊዮርጊስ ጋ ነኝ፣ ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ» ማለት ያቃተው አንደበት፣ ከባዱ ቀን ሲመጣ እውነቱን ከየት ያመጣዋል?

ስለ ሌሎች ወጣቶች ብቻ ተናግሬ እንዳልሄድ የራሴን ልንገራችሁ። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርሁት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ውስጥ ነበር። በግዢ ሥራ ላይ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ከሦስት የተለያዩ ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዋጋ እንዲወዳደርና የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ እንዳይባክን የተሠራ ሥርዓት ነው። በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ልክ እንዳሁኑ በዐቢይ ጾም፣ ወንበርና ጠረጴዛ እንድገዛ ታዘዝሁና ወደ አንድ ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ መሳቢያውን ስቦ የሦስት ድርጅቶችን ቲተርና ማኅተም በጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ በሦስት ስም ሦስት ፕሮፎርማ ጻፈ፤ የራሱን ዋጋ ዝቅ፣ የሁለቱን ከፍ አደረገው። ማኅተሙን እየመታ ሳለ ሻይ ላስመጣልህ ሲለኝ «ጾም ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ብዬ መለስሁለት። እርሱም እጁን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ «በርታ ልጄ፤ የዘንድሮ ወጣት ሁሉ እንዳንተ ቢሆን» ብሎ መረቀኝ። ሦስቱን ወረቀት በአንድ ፖስታ ከተተልኝ፤ በሌላ ትንሽ ፖስታ ደግሞ «ለሻይ» ብሎ ብር አደረገልኝ። ሁለቱንም ተቀብዬ ወጣሁ። ቀኑ ዓርብ ነበርና ከዚያ በቀጥታ የሄድሁት ለስግደት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚያ ቀን ልቤ አልቆረቆረኝም። እስከ ዛሬም ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሆዴን ከሻይ ከልክዬው ነበር፤ እጄን ግን ከፖስታው አልከለከልሁትም፤ ሁለቱም የአንድ ሰው አካላት መሆናቸው ትዝ አላለኝም። ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ስለ ሐሳቤ፣ ስለ ንዴቴ፣ ስላፈረስሁት ጸሎት ሁሉ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሥራህስ እንዴት ነው?» አሉኝ። ስለ ደመወዝ ሊጠይቁኝ የፈለጉ መስሎኝ «ደኅና ነው አባ» አልሁ። «እንጀራህን እንዴት እንደምታመጣው ነው የጠየቅሁህ» ሲሉኝ ግን ያ ትንሽ ፖስታ በዓይኔ ላይ መጣ። ነገርኋቸው፤ ቀጥዬም ብሩን ወደ ሙዳየ ምጽዋት እንደምጨምረው አከልሁ። እርሳቸውም «ይህን ብር ወደ እግዚአብሔር ቤት አታምጣው፤ ከተቀበልህበት መልሰው፤ ለመሥሪያ ቤትህም እውነቱን ተናገር» አሉኝ።

ቀኖና እንዲሰጡኝ፣ ስግደት እንዲጨምሩብኝ ብዙ ለመንኋቸው፤ ሁለት መቶ ስግደት ከዚያ ትእዛዝ ይልቅ ይቀልለኝ ነበርና። አሁን ሳስበው፣ ብዙዎቻችን ከእግዚአብሔር ጋር የምንገባው ክርክር እንዲህ ያለው ይመስለኛል፤ እርሱ የሚጠይቀን አንድ ነገር አለ፤ እኛ በዚያ ፈንታ ሌላ፣ ከፍ ያለና የሚከብር ነገር እናቀርብለታለን። ዘኬዎስ ግን ጌታን በቤቱ ሲቀበል መዝሙር እንዳዘመረ ወንጌል አይነግረንም። ቆሞ የተናገረው ስለ ገንዘቡ ነበር፤ እኩሌታው ለድሆች፣ በሐሰት ለወሰደበትም አራት እጥፍ። ቀራጭ ነበርና እምነቱ የጀመረው ከሥራው፣ ከሒሳቡ ነው።

ፖስታውን መለስሁ። ባለሱቁ አልተቆጣም፤ ግራ ተጋባ እንጂ። ለኃላፊዬ ነገርሁት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከግዢ ክፍልም ተነሥቼ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርሁ። ሁለት ዓመት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖርሁ። እውነት የተናገረ ሰው ወዲያው ይሾማል ብዬ አላታልላችሁም፤ እኔን ያገኘኝ የመዝገብ ቤት አቧራ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት በትንሣኤ ሌሊት ስቆርብ እጄን የምደብቅበት ነገር አልነበረኝም፤ ያንን ሰላም ዛሬም ድረስ ለምንም አልለውጠውም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ጥቂት ብንራመድ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናገኛለን። ብዙዎቻችን በአጠገቡ ያለፍንበትን ቁጥር አናውቀውም። በባቡር መሥመሩ ሥራ ምክንያት በ2005 ዓ.ም. ከስፍራው ሲነሣና በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ ከእናንተ ብዙዎቹ ልጆች ነበራችሁ። ብፁዕነታቸው ጵጵስና ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ነበሩ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በፋሺስት ወታደሮች ጥይት ተገደሉ። ስለ ጀግንነታቸው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ዛሬ ከናንተ ጋር ላስበው የምፈልገው ግን ምን እንደ ተጠየቁ ነው። የተጠየቁት ቃል ነበር፤ ለወራሪው መንግሥት እንዲገዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲናገሩ፣ አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ። ይህን በአንደበታቸው ቢሉት ሕይወታቸው ይተርፍ ነበር፤ በልባቸው ሌላ ቢያስቡ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን አንደበታቸውን ከልባቸው አልለዩም። እንዲህ ያለ ቃል በጥይት ፊት ድንገት የሚገኝ አይመስለኝም። ከፍቼ በልጅነት የጀመረ፣ በየገዳሙና በየጉባኤ ቤቱ፣ ማንም ባላየበት ጊዜ ሁሉ እውነትን መናገር የለመደ አንደበት ነበር በዚያ ቀን የጸናው። እኛም ሐውልቱ ሥር ቆመን ፎቶ ስንነሣ ለመታሰቢያ ብቻ ባይሆን እወዳለሁ፤ በዚያው ዕለት ለእናታችን የዋሸነውን ቢያስታውሰን እንኳ መልካም ነው።

ስለ እናቶቻችን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ለአገልግሎት የምትተጉ ልጆች በመሆናችሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በጥምቀት ጊዜ ምንጣፍ ተሸክማችሁ፣ ታቦቱ ካለፈበት ጠቅልላችሁ ወደ ፊት እየሮጣችሁ፣ እስከ ጃንሜዳ ድረስ በላብ ተጠምቃችሁ ስትሄዱ አይቼ አልቅሼ አውቃለሁ። ታዲያ ያው ለታቦቱ ምንጣፍ ያነጠፈ ወንድ ልጅ፣ ቤቱ ሲገባ የበላበትን ሳህን ማንሣት የእኅቱ ሥራ ይመስለዋል። ማታ ከጥናት የምትመለሰውም እኅታችን፣ እናቷ ወገቧን ይዛ ልብስ ስታጥብ እያየች ስልኳን ይዛ ወደ አልጋዋ ታልፋለች። በመዝሙር ጥናቱ ላይ አንድ ቀን ብትቀር ትጸጸታለች፤ በዚህ ግን አትጸጸትም። የእግዚአብሔር ቤት አገልጋይነታችንን የሚመሰክሩልን ሰዎች ቢጠሩ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት አብረውን የሚኖሩት ይሆኑ ይሆናል፤ እነርሱ ደግሞ ነጠላችንን አጥፈን ካስቀመጥን በኋላ ያለውን ሰው ያውቁታል።

ስለ ስልካችንም በአጭሩ። ስማችን «የድንግል ልጅ» ነው፤ ፎቶአችን በነጠላ ነው፤ ከሥሩ ግን ያላየነውን ሰው፣ አንዳንዴም አንድን ሕዝብ በሙሉ፣ ሃይማኖትን እንጠብቃለን ብለን እንሰድባለን። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ምላስ ሲጽፍ «ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ» ብሎ አዝኗል፤ ከአንድ ስልክ ሲወጡ ኀዘኑ የሚቀልል አይደለም። ስለ ንጽሕና ደግሞ አባቶች ከእኔ ይልቅ ያስተምሯችኋል፤ እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በጓደኝነት የቀረባችኋትን እኅት፣ የቀረባችሁትን ወንድም፣ የማትፈጽሙትን የጋብቻ ቃል እየሰጣችሁ ዓመታቱን አትብሉበት። በቁርባን የተቀደሰ ትዳር እንመኛለን ካልን፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም በውሸት የተነጠፈ አይሁን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «በቃልና በኑሮ በፍቅርም በእምነትም በንጽሕናም ለሚያምኑቱ ምሳሌ ሁን እንጂ፥ ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» ሲል ጻፈለት። ቅደም ተከተሉ ዘወትር ይደንቀኛል፤ ቃል ከሁሉ በፊት ተጠራ፤ ኑሮም ከኋላው አልራቀም። ወጣት ልጅ ሀብት የለውም፤ ሥልጣን የለውም፤ ብዙ ጊዜም የሚሰማው የለም። ቃሉ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የእርሱ ነው። መክሊታችን ጥቂት ነው የምንል ከሆነ፣ ከዚህ የምታንስ ግን ለማንም አልተሰጠችም።

የሚቀጥለው ሰንበት ኒቆዲሞስ ነው፤ ከዚያ ሆሣዕና፤ ከዛሬ እስከ ትንሣኤ 21 ቀን ቀርቶናል። ብዙዎቻችሁ ለመቁረብ እየተዘጋጃችሁ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ጌታችን «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ይላል፤ አንተ በእርሱ ላይ ያለህን አላለም፤ እርሱ በአንተ ላይ ያለውን ነው ያለው። ስለዚህ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አስቡ፤ ተበድራችሁት ዝም ያላችሁት፣ በሐሜት ስሙን ያነሣችሁት፣ ዋሽታችሁት ያመናችሁ ይሆናል። ስልክ መደወል የሚበቃው ይኖራል፤ እግር የሚጠይቅም ይኖራል። ለሰው መናገር አያስፈልግም፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይም እንዳይጻፍ አደራ እላለሁ። ያስቸገራችሁ ነገር ካለ የንስሐ አባቶቻችሁ አሉ፤ ጠይቋቸው።

እኔም ዛሬ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንድ ስም መጥቶብኛል። በመዝገብ ቤት ሳለሁ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ታላቅ ወንድሜን የመሰለ ሰው ነው፤ በአንድ ስብሰባ ላይ እውነቱን እያወቅሁ ሳልመሰክርለት ቀርቼ ነበር። ቤቱ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ነበር፤ ይኖርበት እንደ ሆነ ነገ ከሥራ ስወጣ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።