አፉን ያልፈታ ልጅ ጣቱ ምን ይላል?

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንና ወላጆች፣

ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ቃል ይናገራል?» የሚለው ነው። ቃል መቁጠር ግን ኦቲዝምን፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካውን የእድገት ችግር፣ ከሌላው አይለይም። ጆሮው የማይሰማውም፣ ንግግሩ ብቻ የዘገየውም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትም ላይናገሩ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በቃል ፈንታ በሚያደርጉት ላይ ነው።

ጣቱን ተመልከቱ። ንግግሩ ብቻ የዘገየ ልጅ አውሮፕላን ሲያልፍ ወደ ሰማይ ይጠቁምና ዞሮ የእናቱን ፊት ያያል፤ «አየሽ?» ማለቱ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይህን ብዙ ጊዜ አያደርግም። ብስኩት ሲያምረው የእናቱን እጅ ጎትቶ ቆርቆሮው ላይ ያሳርፈዋል፣ ፊቷን ግን አያይም። ስለዚህ «ይጠቁማል ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ ለመጠየቅ የሚጠቁመውም «አዎ» ይባልለታል። «ምንም ሳይፈልግ፣ እንድታዪለት ብሎ ብቻ ይጠቁማል?» በሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮው ይመርመር። ከኋላው አጨብጭቦ «ዞረ፣ ይሰማል» ማለት ብዙ ልጅ ሳይመረመር አስቀርቷል። ልጁ ጥላ አይቶ ወይም ሽውታው ተሰምቶት ሊዞር ይችላል። በከፊል የሚሰማ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፣ «ሰ»ንና «ፈ»ን ግን ላይለይ ይችላል። ስሙ ሲጠራ ዝም ብሎ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ የሚሮጠው ልጅ ኦቲዝምን ያስጠረጥራል፤ ቢሆንም ኦቲዝምና የመስማት ችግር አንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ የጆሮ ምርመራው አይቀርም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ሲጠረጠር ልጁን ከእኩዮቹ ጋር አታወዳድሩት። የ4 ዓመቱ ልጅ እንደ 2 ዓመት ልጅ ቢያስብ፣ እንደ 2 ዓመት ልጅም ሳቅ ከመለሰና ኩኩሉ ከወደደ ማኅበራዊ እድገቱ ከአእምሮው ጋር እኩል እየሄደ ነው። ከዚያም በታች ከሆነ ኦቲዝምን አስቡ።

የነበረው ቃል የጠፋበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላክ። እጇን መጠቀም ትታ እንደሚታጠብ ሰው የምታፍተለትል ሕፃን ደግሞ ሬት ሲንድሮም የተባለ የአንጎል እድገትን የሚያውክ ሕመም ሊኖራት ይችላል።

ኤምቻት የተባለው፣ ወላጅ የሚመልሰው የኦቲዝም መለያ መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ነው፤ 20 ጥያቄ አለው። ከ3 እስከ 7 ነጥብ ሲመጣ ተከታዩ ቃለ መጠይቅ ይደረግ፤ እሱን መዝለል ቤተሰብን በከንቱ ያስደነግጣል። 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ይላክ።

ሪፈር ስትጽፉ «ኦቲዝም ነው» አትበሉ። «ስሙን 3 ጊዜ ጠራሁት፣ አልዞረም፤ ለማሳየት አይጠቁምም» ብላችሁ ያያችሁትን ጻፉ። ጠበል የሚወስዱትን ወላጆችም አትቆጧቸው፤ የሪፈሩን ወረቀት ግን አስይዟቸው።